ለአንድ ሰው የሚሆን መሶብ

መርሳ ላይ የዕደ ጥበብ ባዛር አለ ሲሉኝ ከወልድያ በጠዋቱ ሚኒባስ ሄድኩ። የፈለግሁት ትንሽ መሶብ ብቻ ነበር። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ትልቁ መሶባችን ፊት ስቀመጥ፣ ባዶው የእሱ ወገን እየታየኝ እህል አልወርድልኝ ብሏል። ባዛሩ ድሮ ድንጋይ ይፈለጥበት በነበረው ሜዳ ላይ ነው። ከሀብሩ ገጠር የመጡ አንዲት አዛውንት ስፌታቸውን ዘርግተው መሶብ ይሰፋሉ።

«እማማ፣ ለአንድ ሰው የሚሆን መሶብ አለዎት?» አልኳቸው።

ወስፌያቸውን አቁመው ጥቁር ልብሴን አዩ። «ማን ሞቶብሽ ነው?»

«ባለቤቴ።»

«አላህ ያጽናሽ። ለአንድ ሰው ግን መሶብ አይሰፋም፤ ብቻውን ለሚበላ ሳህን መች አነሰው?»

አንዱን ትንሽ አንስቼ «ይኸው አለ እኮ!» ብላቸው ከእጄ ነጠቁኝ።

«እሱ የቆሎ ነው! እኔም ባሌን ቀብሬያለሁ፤ መሶቤን ግን አብሬ አልቀበርኩም።»

ተናደድኩ። ሻጭ ሆነው አልሸጥም ይበሉኝ? መንገዱን ሙሉ በልቤ እየተሟገትኳቸው ባዶ እጄን ተመለስኩ። ቤት ስገባ ግን ትልቁን መሶብ አወረድኩና ጎረቤቴን ጠራኋት። መጥታ በባለቤቴ ወገን ተቀመጠች፤ በላን።