ለተማሪው የተሰጠው ቀፎ

እንዴት አደርሽ ይታየሽ? ልጆቹ ደህና? ዝናቡም አባራልን፣ ገብሱም አምሮበታል... ነይ እስቲ፣ እዚህ አጥሩ ጥግ ፀሐይ እንሙቅ። ጎረቤትሽ ይሰማሉ? ኧረ ይስሙ! ምስጋና ምን ይደበቃል?

መቼም የነሐሴው የማኅበራችን ለት አይረሳሽም። የእናትነሽ ልጅ፣ ያ አዲስ አበባ ምህንድስና የሚማረው ወልደ ኢየሱስ፣ መመለሻ ብር አጣ ሲባል ማን ነበር ቀድሞ የተነሣው? ስም ምን ያደርጋል... ብቻ ተነሡ፣ ኩታቸውን አስተካከሉና «ትልቁን ቀፎዬን ለተማሪው!» አሉ። እልል አልን። እኔ ጥሩሐረግ እንኳ፣ ድንጋይዋ፣ እንባዬ መጣ። ከዚያ ወዲያ ማን አፉን ይከፍታል? በትልቅ ሰው ስጦታ ላይ መደረብ ነውር ነው ብለን የየራሳችንን ማር ለነጋዴዎቹ ለነዓሊዬ ሸጠን ግብር ከፈልንበት።

የሳቸውን ቀፎ ዛሬ ነገ ሲሉ ቆይተው፣ ትናንት ማር ቆራጮቹ ጭሳቸውን ይዘው ሄዱልሽ... ወይ ጉድ! ሸረሪት አድርቶበታል! ንቦቹ የኮበለሉት ከሰኔ በፊት ነው አሉ። እሳቸውስ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ጭሳችሁ አባረረብኝ!» አይ የኔ ጌታ! ንባቸውን በድምፁ የሚለዩ ሰው፣ ይቺን ብቻ ሳያውቁ ቀሩ... ምን ያርጉ፣ ሥራ ይበዛባቸዋል።

እኔ አልፈርድም። «ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ» ይል የለ? የሳቸው ቀኝማ ራሷም አላወቀች! ደግሞስ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ቢባል... እሳቸው እንዲያው ልጅ ይወዳሉ።

ወልደ ኢየሱስ ግን አንጀቴን በላው። እሑድ ኮረም ወርዶ አውቶቡስ ካልያዘ ትምህርቱ ቀረ ማለት ነው። በየክረምቱ ሰው የሚወስደው ጽራሬ ወንዝ ላይ ድልድይ እሠራለሁ ይል ነበር፣ የኔ ምስኪን። ዓሊዬ ጫማ ሰጠው፣ ደብሬ ጠቦቷን ልትሸጥለት ነው፣ እኔም ጥልፍ ቀሚሴን አውጥቻለሁ። ገና ጎደሎ ነው። ጎረቤትሽን ግን እንዳታስቸግሪያቸው፤ አንድ ጊዜ ሰጥተዋል እኮ!

ይልቅ እንመርቃቸው። ዕድሜ ይስጣቸው፣ ሽበት ያልብሳቸው። ጉልበታቸው ሲደክም ደጋፊ አያሳጣቸው... ልክ እሳቸው ተማሪውን እንደ ደገፉት፣ እንዲያው እንደዚያ አድርጎ የሚደግፋቸው ልጅ ይስጣቸው! አሜን በይ እንጂ።