የሬሳው መኪና ሰንሰለት

በበረዷማው የቲሮል ተራራማ አገር፣ ወደ ላይኛው መንደር የሚወስደው ዳገት ከሚጀምርበት ሥፍራ፣ ሰንሰለት የታሰረበት ጎማ የተሳለበት ክብ ሰማያዊ ምልክት ቆሟል። በየካቲት ወር በአንድ ሐሙስ ጧት አቶ ኮርቢኒያን ኤገር ጥቁሩን የሬሳ መኪናቸውን እየነዱ እዚያ ሲደርሱ፣ ብርቱካናማ ካፖርት የለበሰች ወጣት እጇን ዘርግታ አስቆመቻቸው። ኖትቡርጋ ነበረች፤ የጎረቤታቸው ልጅ፣ የመንገድ ሥራ ተምራ በዚያው ዓመት የተቀጠረች።

አቶ ኮርቢኒያን ሠላሳ ስምንት ዓመት የሸለቆውን ሙታን ወደ መቃብራቸው ያደረሱ፣ ቁጥብና ጨዋ ሽማግሌ ናቸው። በዚያን ዕለት የጫኑት የዳቦ ጋጋሪውን የኢግናዝን ሚስት፣ የዋልቡርጋን አስከሬን ነበር። ቀብሩ ከቀትር በፊት ነው። ለቀስተኞቹን የያዘው አውቶቡስ ከኋላቸው ቆሞ፣ ሾፌሩ ወርዶ ሰንሰለት ያስር ጀመር።

«እንደምን አደሩ ጋሼ። ሰንሰለት ሳያስሩ ከዚህ አይታለፍም።»

«እንደምን አደርሽ ልጄ። ጎማዬ የበረዶ ጎማ ነው፤ ገና አዲስ። ዝቅ ብለሽ እዪው።»

ዝቅ ብላ ጣቷን በጎማው ጥርስ መሃል ሰደደች። «እውነትም ጥሩ ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ በረዶ ባለበት መንገድ እንዲህ ያለ ጎማ ግድ ነው፤ እስከዚህ ሕግ አክብረው መጥተዋል። ከዚህ በላይ ግን ምልክቱ ሰንሰለት ይላል፤ መኪናውን በሚገፉት ሁለት ጎማዎች ላይ።»

«እሱ የተተከለው ለሽርሽር ለሚመጡት ለከተማ ሰዎች ነው። እኔ ይህን ዳገት አንቺ ሳትወለጂ ነው የማውቀው!»

«ዳገቱ ግን እርስዎን አያውቅዎትም፣ ጋሼ። የጧቱ በረዶ በመኪና ተረግጦ ጠንክሯል። የላላ በረዶ ቢሆን ጎማዎ ይነክሰው ነበር፤ እንዲህ ሲጠነክር ግን ከብረት በቀር የሚይዘው የለም።»

«ቀስ ብዬ እነዳለኋ።»

«ሲወጡ ቀስ ካሉ መሃል ላይ ይቀራሉ። ሲወርዱ ደግሞ ቀስ ማለቱ በእጅዎ አይደለም።»

ሽማግሌው መስታወቱን ይበልጥ ዝቅ አድርገው ድምፃቸውን ቀነሱ። «ስሚኝማ ኖትቡርጋ። ሰንሰለት ይንቀጫቀጫል። ሰው በመጨረሻ ጉዞው ጸጥታ ይገባዋል። እንደ ድንጋይ ጫኝ እያንቋቋሁ ዋልቡርጋን ቤተ ክርስቲያን ደጅ አላደርስም።»

ምክንያታቸው ክፉ አልነበረም። ልማድ ለመንቀል የሚያስቸግረው እንዲህ የአክብሮት ልብስ ሲለብስ ነው።

«መንገዱ አንድ ነው» አለች ልጅቷ። «ኩርባው ላይ ተንሸራተው ቢዘጉት፣ እዚያ ላይ ምጥ የያዛት ሴት ብትኖር አምቡላንሱ በየት ይለፍ? ሣጥኑስ ከነመኪናው ገደል ቢገባ፣ ያ ነው ክብር?»

«ኧረ በስመ አብ በይ!»

በዚህ መሃል ኢግናዝ በዱላ ተደግፈው ከአውቶቡሱ ወረዱ። ክርክሩን ሰምተው «ኮርቢኒያን» አሉ፤ «ዋልቡርጋ ሃያ ሁለት ዓመት ዳቦ በዚህ መንገድ ስታመላልስ ሰንሰለቱን ማን ያስርላት ነበር? ራሷ ናት። ስትመለስ ድምፁ ከታችኛው ድልድይ ጀምሮ ይሰማኝ ነበር። ያን ጊዜ ነበር ትንፋሼ የሚመለሰው። እኔ የምፈራው ጸጥታውን ነበር።»

አቶ ኮርቢኒያን የመኪናውን በር ከፈቱ። ወርደው ከወንበሩ ሥር የሰንሰለቱን ከረጢት ጎተቱ፤ ማሰሪያው እንኳ አልተፈታም። «አስሬ አላውቅም» አሉ ቀስ ብለው። «በረዶ ሲከብድ ቀብሩን ነበር ለሌላ ቀን የማስተላልፈው።»

ኖትቡርጋ አልሳቀችም። «እኔ አላስርልዎትም፤ እየነገርኩዎት እርስዎ ያስራሉ። ነገ እኔ እዚህ ላልኖር እችላለሁ። መጀመሪያ ይዘርጉት፣ እንዳይጠማዘዝ። በጎማው ጀርባ ያዙሩት። ከላይ ይቆልፉት። አሁን በፊት ለፊት ሳብ ያድርጉት። ጥቂት ሜትር ይንዱና እንደገና ያጥብቁት። በሰዓት ከሃምሳ ኪሎ ሜትር እንዳያልፉ፤ አስፋልቱ ከበረዶ ሲጸዳ ደግሞ ይፍቱት፣ አለዚያ ጎማውንም መንገዱንም ይበላል።»

ሽማግሌው በጥቁር ሱፋቸው በረዶው ላይ ተንበርክከው አሰሩ። ጣታቸው ደነዘዘ፤ አንዴ ተሳስተው እንደገና ጀመሩ። ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው።

ዳገቱን ሲወጡ፣ አራተኛው ኩርባ ላይ፣ ከላይኛው መንደር ትወርድ የነበረች አንዲት የከተማ መኪና ያለ ሰንሰለት ተንሸራትታ መንገዱን በአግድም ዘግታለች። አቶ ኮርቢኒያን ፍሬን ያዙ። ሰንሰለቱ በረዶውን ነክሶ መኪናውን ከሁለት እርምጃ ርቀት ላይ አቆመው፤ ሣጥኑም ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ከኋላ ያለው አውቶቡስም ቆመ። ለቀስተኞቹ ወርደው መኪናዋን ገፍተው ዳር አስያዟት። ሽማግሌው ግን ወርደው ሰንሰለቱን እንደገና አጠበቁ። ጎማው ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ቀብሩ በሰዓቱ ተፈጸመ። ሲመለሱ ኖትቡርጋን እዚያው ቆማ አገኟት።

«እንዴት ነበር ጋሼ?»

«ይንቀጫቀጫል» አሉ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አነሱላት። «አንቺ ትክክል ነበርሽ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

በተከታዩ ጥቅምት፣ በረዶ ሳይወርድ፣ አቶ ኮርቢኒያን የሸለቆውን ሾፌሮች ግቢያቸው ሰብስበው ሰንሰለት ማሰርና መፍታት አለማመዱ። በደረቅ መሬትና በሞቀ እጅ የተማረ ሰው በውርጭ ጊዜ አይደናገርም፤ መንገድ አይዘጋም፤ ከኋላው የሚመጣውንም አያስቀርም። እነዚህን ሦስቱን ደጋግመው ይናገሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ በመጣው ጥር ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያለማቋረጥ በረዶ ጣለ። በዘጠኙ ቀን ውስጥ ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ ሦስቱም ቀብራቸው ሳይተላለፍ በየቀጠሯቸው ተቀበሩ።