የሐኪሙ የምርጫ ምልክት

ያ ክፉ ረሃብ በገባበት ዓመት፣ በምርጫው ሰሞን፣ ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ በሚመለስ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ነበር። ማንበብ የማይችለው ሰው እንዳይቸገር ተወዳዳሪው ሁሉ የሚመረጠው በሥዕል ምልክት ነው። ከጎኔ አንድ ወጣት ሐኪም፣ ከፊቱ ደግሞ አንድ አዛውንት ገበሬ ተቀምጠዋል።

«ገበያ መሀል ቆመህ ስትለፈልፍ የነበርከው አንተ ነህ?» አሉት አዛውንቱ።

«እኔ ነኝ አባባ። እኛ ሐኪሞች ተመካክረን ነው። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ተወዳዳሪውን ‹ክሊኒክ ታሠራልናለህ ወይ?› ብላችሁ ጠይቁት።»

«ጠየቅነው እንጂ። ‹አብሽሩ!› ብሎን በቅሎው ላይ ወጣ።»

«ታዲያ እሱን አትምረጡታ!»

«ምልክቱ በሬ ነው ልጄ። ዘንድሮ በሬ ያየነው እሱ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። እንዴት ጨክነን እንተወው?»

ሐኪሙ ሳቀ።

«ለምን አንተው ራስህ አትወዳደርም? ምልክትህን ምን ታደርገዋለህ?»

«መርፌ።»

«ወላሂ አንድ ሰው አይመርጥህም! መርፌ ያየ ሁሉ ነው የሚሸሸው።»

«እሺ፣ እርስዎ ይምረጡልኛ።»

«እንጀራ አድርገው።»

«እንጀራ ካደረግሁ አሸንፋለሁ?»

«ኧረ አታሸንፍም።»

«ምነው አባባ?»

«ወረቀቱ መች ሳጥኑ ውስጥ ይገባና! ልጆቻችን ይበሉታል።»

እኔ ጭኔ ላይ የያዝኩትን የስንቅ ቋጠሮ ቀስ ብዬ በጋቢዬ ሸፈንኩት።