የኋላው በር

ከጎተራ ወደ ካዛንቺስ በሚሄድ ታክሲ ጋቢና ተቀምጫለሁ። ከኋላዬ አንድ ወጣት ስልኩ ላይ ያለ የድሮ ማርቸዲስ ፎቶ አጠገቡ ለተቀመጡ ሽማግሌ ያሳያል።

«ነገ ጨረታ ላይ ናት፣ አባባ። በቃ፣ ታሪኳን ሳላውቅ አልገዛም ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ሳጠያይቅ ነበር።»

«ምን አገኘህ?»

«መጀመሪያ የአንድ ደጃዝማች ነበረች። በኋላ ደርግ ወረሳት። ከዚያ ወዲህ ያለውን የሚያውቅ የለም።»

ሽማግሌው ፎቶውን አስጠግተው አዩት።

«የኋላ በሮቿ ከውስጥ ይከፈታሉ?»

«ኧረ መክፈቻ የላቸውም። አንዱ ሌባ ነቅሎ ሸጦት ነው መሰለኝ።»

«አልተሸጠም። እኔ ነኝ የፈታሁት።»

«እርስዎ?»

«የደርግ ጋራዥ መካኒክ ነበርኩ። የሚጫኑት ሰዎች በራሳቸው እንዳይወርዱ ፍታው አሉኝ፤ ፈታሁት።»

«ሰዎቹስ?»

«መኪናዋ ሁሌ ባዶዋን ነበር የምትመለሰው። ወንበሩን የማጥበው እኔ ነበርኩ።»

ወጣቱ ፎቶውን እንደገና አየው።

«ሞተሯን አስነስተህ አየሃት?» አሉት።

«አዎ። ማለቴ፣ ከኋላ በር በኩል የሚንኳኳ ነገር አለ። የላላ ብሎን ይሆናል።»

«ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ይንኳኳል?»

«እንዴት አወቁ?»

«ያኔም ይንኳኳ ነበር።»

«ታዲያ ልተዋት?»

«ግዛት እንጂ፣ ልጄ። መክፈቻዎቹን ይኸው እስከ ዛሬ በጨርቅ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር አስቀምጫቸዋለሁ። መልሼ ልግጠምላቸውና ይውረዱ።»

ካዛንቺስ እስክንደርስ እጄን ከጋቢናው በር መክፈቻ ላይ አላነሳሁም።