«ምንም አይደለም» ያልኩት ልጅ

በቀደም ቃሊቲ ስልጠና ላይ ነን፤ ሌላ ልጅ ላይ ወሲባዊ ጥቃት ያደረሱ ታዳጊዎችን የምናማክር ባለሙያዎች። አሰልጣኛችን ወይዘሮ ሰናይት ጥንድ ጥንድ አድርገው አለማመዱን። እኔ አማካሪ ሆንኩ፤ ሽበታሙ ባልደረባዬ ጋሽ ታደለ ደግሞ ጥፋተኛው ልጅ። አንገታቸውን ደፍተው «የጎረቤታችንን ልጅ ጎድቻታለሁ» ሲሉኝ አንጀቴን በሉት። አፌ ቀደመኝና «አይዞህ፣ ምንም አይደለም!» አልኳቸው። ለካ ወይዘሮ ሰናይት ከኋላዬ ቆመዋል። «ምንም አይደለም? እስቲ ሂጂና ለልጅቷ ንገሪያት!» መግቢያ አጣሁ። እሳቸው ግን ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ «‹አይዞህ›ን አትተዪው። ያደረሰውን ጉዳት ግን አታቅልዪለት» አሉኝ።

ስንወጣ የገላን ኮንዶሚኒየም አውቶቡስ ጢም ብሏል። ቆሜ ስሄድ አንዱ ጎረምሳ እግሬን ረገጠኝ። «ይቅርታ እህቴ!» አለ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ። «ምንም አይ…» ብዬ ጀመርኩና ዋጥኩት።

«አይዞህ፤ ግን አሳምመኸኛል» አልኩት።

ያኔ ዝቅ ብሎ አየ። ጫማው አሁንም እግሬ ላይ ነው! «ውይ!» ብሎ አነሳልኝ። እኔም እያነከስኩ፣ ደስ ብሎኝ ወረድኩ።