በሕማማት ያልተሳመው ወንድሜ

በጣሊያን ጊዜ ነው፤ ቡሬ አጠገብ። የሕማማትን ስግደት ጨርሰን ስንወጣ ባንዳዎች ወንድሜን ይዘው ደጀ ሰላሙ ላይ አቁመውታል። አርበኛ ነው፤ ለመስገድ ተደብቆ መጥቶ ኖሯል። «ከፈረስ ቤት አገር የመጣሁ እንግዳ ነኝ» ብሏቸዋል። አለቃቸው፣ «ዘመድ ካለው ሲወጣ ይስመዋል፤ ያኔ እናያለን» አለ። ከጣሊያን ማዕድ ሲበላ ከርሞ፣ በሕማማት ሰው እንደማይሳሳም ረስቶታል።

እኔ የፈራሁት እናቴን ነው። እጇን ያዝኩ። አጠገቡ ስንደርስ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው አለፈች። አገሩም ሁሉ እንደሷ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። አለቃቸውም «እውነትም ዘመድ የለህም፤ ሂድ!» ብሎ ለቀቀው።

ቤት ስንገባ፣ «ግድ የለም፣ ለፋሲካ እስመዋለሁ» አለችኝ። ፋሲካ መጣ፤ ሰው ሁሉ ተሳሳመ። እናቴ ግን በር በሩን ስታይ መሸ።