ዕጣና ጎረቤት

በዚያ ዘመን በእኛ አገር በብሬታኝ፣ ሃያ ዓመት የሞላው ወንድ ሁሉ ወረዳው ከተማ ወርዶ ከሣጥን ቁጥር ያወጣ ነበር። ትልቅ ቁጥር የደረሰው ወደ እርሻው ይመለሳል፤ ትንሽ የደረሰው ሰባት ዓመት ይዘምታል። ሀብታም ምትክ ይገዛል፤ ድሀ ስለት ይሳላል።

በዕጣው ዋዜማ ከማስተምርበት ቤት ስመለስ አባባ ጎልቨንን ብረት ቀጥቃጩ ደጅ አገኘኋቸው። መጥረቢያ አስለው መውጣታቸው ነው። ልጃቸው ታንጊ ቀኝ እጁን ብብቱ ሥር ወትፎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ከኋላቸው ቆሟል።

«በዚህ ዝናብ እንጨት ሊፈልጡ ነው?» አልኳቸው።

«እንጨት አይደለም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጠቋሚ ጣት የሌለው ቃታ አይስብም። አባቴ ወንድሜን ያተረፈው እንዲህ አድርጎ ነው።»



«አባባ! የዛሬ ሐኪም አዲስ ቁስል ሲያይ ያውቃል። አባትም ልጅም ወህኒ ትወርዳላችሁ።»

«ልጅ ሳይወልዱ መምከር ቀላል ነው፣ መምህር! ወገቤ ተቆርጧል። ታንጊ ከሄደ እርስዎ በጠመኔ ያርሱልኛል?»

«ጣቱን ቆርጠውትስ ዕርፉን በምን ይጨብጣል? ይልቅ ጎረቤት ያግዝዎት።»

«ጎረቤት! ማርሃሪት ሰላም ካለችኝ ወር አለፈ። ዕጣው ከልጇ ወደ ልጄ እንዲዞር ሻማ ታበራለች።»

«እርስዎስ?»

መሬት መሬት አዩ። «እኔም አብርቻለሁ» አሉ።

ፍርሃት እንዲህ ነው፤ ደግ ሰዎችን አንዱን በሌላው ላይ ያስለምናል። እጃቸውን ይዤ ማርሃሪት ቤት ወሰድኳቸው።

«ምነው ጎልቨን፣ በመጥረቢያ ልትጨርሰኝ መጣህ?» አለች።

«የማንኛችሁም ልጅ ቢወሰድ፣ የቀረው የሁለታችሁንም ማሳ ይረስ» አልኩ። ማርሃሪት እንባዋ መጣ።

«እኔስ እንቅልፍ ካየሁ ስንት ጊዜዬ? ልጄ ሎይክ ቢቀርልኝና ያንተን ሳያርስ የኔን ቢያርስ፣ እህሉ አይባረክልኝ!»

ጎልቨን እያመነቱ ማሉ።

በማግስቱ ታንጊ ትንሽ ቁጥር አወጣ፤ ሎይክ ትልቅ። ጎልቨን በሕዝብ መካከል ኮሌታዬን አንቀው «ልጄን አስበሉኝ!» ብለው ጮኹ።  ታንጊ ዘመተ። የእርሻ ወቅት ደረሰ፤ ዝናቡ አላቋርጥ አለ። ወሬኛው «መሐላ ነፋስ ነው» ይላል። ጎልቨን በየማለዳው ማሳቸው ድንበር ላይ ቆመው የሎይክን መንገድ ያያሉ። እኔም በልቤ እሰጋ ነበር።

ፀሐይ በወጣች ዕለት ሎይክ ፈረሶቹን እየነዳ መጣና የራሱን ማሳ አልፎ የሳቸውን ገመሰ። ጎልቨን ቆብ አውልቀው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

በዓመቱ፣ በዕጣው ሰሞን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ልጆቻቸው ዕጣ የሚያወጡ አባቶች ተኮራርፈው ቆመው ሳለ ጎልቨን መካከላቸው ገቡ።

«ዕጣውን ማስቀረት አልቻልንም» አሉ። «ታንጊ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። አጃው ግን ታጭዷል፤ እናቱ ጦሟን አላደረችም፤ ቢመለስም ማሳው ዳዋ አልዋጠውም። ፍርሃቱን ለሁለት ስንካፈለው ይህን ያህል ከቀለለን፣ ለመንደሩ ብናካፍለውስ?»

 ከዚያ አንዱ አባት ወደ ባላንጣው ዞሮ «ነገ ልጆቹን ወደ ዕጣው አብረን እንሸኛቸው» አለው።